የቲቢ ካርታ የሚያሳየው ማንን ነው?

የክርክሩ ጭብጥ፦ የቲቢ ሕሙማንን መኖሪያና በዙሪያቸው ያሉትን አጋላጭ ሁኔታዎች በካርታ ማስፈር የቁጥጥር ሥራው መነሻ ሊሆን ይገባል ወይስ አይገባም?

ደጋፊ፦ ቲቢ በአየር የሚተላለፍ በመሆኑ የሰው መፋፈግና የአየር ዝውውር ማነስ ከበሽታው ተነጥለው ሊታዩ አይችሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል። ድርጅቱ በዋና አጋላጭነት የሚጠቅሳቸው የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ ከልክ ያለፈ የአልኮል መጠጥ፣ ትምባሆና የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰፈር ተደራርበው ይገኛሉ። በየመዝገቡ ተበታትነው የቀሩትን እነዚህን መረጃዎች ካርታ አንድ ላይ ስለሚያመጣቸው፣ የአክታ ናሙና የሚሰበስበው ቡድን አስቀድሞ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያመለክታል።

ተቃዋሚ፦ ስለ አጋላጭ ሁኔታዎቹ ያሉትን እቀበላለሁ፤ የምቃወመው በካርታው ላይ የሚቀመጠውን ነጥብ ነው። አንድ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ሲያስል ከርሞ ወደ ጤና ተቋም ይመጣል፤ አክታው ተመርምሮ ባክቴሪያው ሲገኝበት፣ መዝጋቢዋ ዛሬ የሚያድርበትን ቤት አድራሻ ትጽፋለች። ባክቴሪያው ግን ወደ ሳንባው የገባው ከዓመታት በፊት ከሌሎች ጋር ተጨናንቆ ይተኛበት በነበረ የሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ስለተነሣው ኮሌራ የሠራው ካርታ የበሽታው ምንጭ የሆነውን የውኃ ቧንቧ ሊያመለክት የቻለው ኮሌራ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ስለሚገለጥ ነው፤ ቲቢ ግን በሰውነት ውስጥ አድፍጦ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ካርታው የተመረመረውን እንጂ የታመመውን ሁሉ አለማሳየቱ ነው። ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ባለበት ሆስፒታል ዙሪያ ነጥቡ ይበዛል፤ መመርመሪያ የሌለበት ወረዳ ባዶ ይሆናል፤ ባዶውን «ቲቢ የለም» ብሎ የሚያነብ ኃላፊም መሣሪያውን ከሁሉ በላይ ለሚያስፈልገው ሕዝብ ይነፍጋል።

ደጋፊ፦ ይህ ካርታውን ለማሻሻል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ከሕሙማኑ ቁጥር ጎን ስንት ሰው እንደተመረመረ የሚያሳይ ሁለተኛ ካርታ ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ ባዶው ወረዳ ያልተጎበኘ ወረዳ መሆኑ ይታወቃል።

ተቃዋሚ፦ ወዴት መሄድ እንዳለብን ለማወቅ ካርታ የግድ አያስፈልግም፤ የሕመምተኛው ቤተሰብ አለ። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት በተካሄደ ጥናት ለሕሙማን ቤተሰቦች የምግብ ድጋፍ ሲሰጥ፣ በመካከላቸው አዲስ የሚታመሙት በ39 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ያ ምግብ የደረሰው በመዝገብ ላይ ባለው ስም በኩል ነው። የታማሚን ቤት በካርታ ላይ ማውጣት በተቃራኒው ጎረቤት እንዲርቀው፣ አከራይም እንዲያስወጣው በር ይከፍታል።

ደጋፊ፦ መገለሉን አልክድም። ነገር ግን በሽታው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች አብዛኛው መተላለፍ ከቤት ውጭ መሆኑን ከተለያዩ ሕሙማን የተገኘውን የባክቴሪያውን ዘረመል የሚያነጻጽሩ ጥናቶች አሳይተዋል። መጠጥ ቤቱን፣ እስር ቤቱን፣ መስኮቱ ተዘግቶ የሚሄደውን አውቶቡስ የቤተሰብ መዝገብ ከየት ያገኛቸዋል?

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ሕሙማኑ የሚውሉባቸው ስፍራዎች ይጠየቁና ነጥቡ በእነዚያ ላይ ይቀመጥ፤ መስኮት ለማስከፈት ለሚሄደው ሰው የሚጠቅመውም ያ ነው። የመኖሪያ ቤት ነጥብ እስካለበት ድረስ ግን ካርታው ከጤና ባለሙያዎች እጅ እንዲወጣ አልስማማም።