ይድረስ ለክቡር «ቀሪ ኪሎ ሜትር»

ለክቡር ቀሪ ኪሎ ሜትር
ከኤሌክትሪክ መኪናዬ መሪ ጀርባ፣ ከባትሪው ምስል ጎን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቃል ስለማክበር፣ ይህ ካልሆነም ሲዋሹ ስለማፈር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ሐሳብ በስተቀር በጣም ደኅና ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ከሰፈሬ ከጅሬን ስወርድ 212 አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ማንን አማክረው ነው 212 ያሉት? ዳገቱን? ዝናቡን? ወይስ እንደ ልማድዎ ብቻዎን ቁጭ ብለው ደስ ያለዎትን ጻፉ?

የተዋወቅነውን ቀን ያስታውሱ እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ እኔም እንደ ብዙው ሰው «እንግዲህ ወዶ ነው» ብዬ ያለ የሌለ ጥሪቴን ሰብስቤ ሄድኩ። ሻጩ መኪናዋን ሲቀሰቅሳት ማያው ከዳር እስከ ዳር በቻይንኛ ተጥለቀለቀ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ መካከል ማንበብ የቻልኩት እርስዎን ብቻ ነው፤ 400። ሳምንዎ የኖርኩት ለዚህ ይመስለኛል። በሰው አገር ቋንቋውን የሚናገር ያገኘ መንገደኛ ልቡን ቶሎ ይሰጣል። «ጅማ ነው የምኖረው» አልኩት ሻጩን። «ጅማማ ቁርስ ናት!» አለኝ።

አዲስ አበባ እና ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። 400 ሲቀነስ 350፣ ሃምሳ ይተርፋል። በሃምሳዋ ጅማ ገብቼ ዘመድ ልዞርባት አስቤ ነበር። ሞኝ ነበርኩ፤ እርስዎ ደግሞ እያዩ ዝም አሉኝ።

የዘር ሐረግዎን ያጣራሁት ዘግይቼ ነው። ለካ መንገድ አይተው አያውቁም! የተወለዱት ቻይና፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በሚሽከረከር ብረት ላይ ባለችበት በምትሮጥ መኪና ነው። ሲኤልቲሲ የሚሉት መለኪያ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሸፈንበታል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ነው። ሃያ ዘጠኝ! ዳገት የሚባል ነገር የለበትም። የኋላ ወንበር ላይ አማት፣ እግራቸው ሥር የጤፍ ጆንያ የለም። ያንን 29 ኪሎ ሜትር የምነዳው ጅማ መርካቶ በገበያ ቀን፣ ፊቴ ባጃጅ፣ ኋላዬ ባጃጅ፣ ጎኔ ቲማቲም የጫነ ጋሪ ሲሆን ብቻ ነው። ሐቁን ለመናገር በዚያን ቀን እርስዎን የሚያህል እውነተኛ የለም። ከፈረንጅ አራዳ አጂፕ፣ ከአጂፕ መርካቶ ስመላለስ ከቁጥርዎ ንቅንቅ አይሉም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ያዳላሉ። ችግሩ ከከተማ ስንወጣ ነው። ከከተማ ስንወጣ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ክሴ ልግባ።

ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ስንነሳ 400 ነበሩ። ከኋላ አማቴ ነበሩ፤ ሐኪም አይቷቸው ወደ ቤት እየመለስኳቸው። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ስንደርስ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቻለሁ። እርስዎ 200 ቀንሰዋል። አርባ አምስቱ ኪሎ ሜትር ምን በላው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ከወልቂጤ ጅማ 195 ይቀረኛል፣ እርስዎ 200 ይላሉ፤ ይደርሳል አልኩ። ሰው ሊጠፋ ሲል ሒሳብ ያምርበታል።

ለማንኛውም ብዬ ምሳ የምንበላበት ሆቴል ጥበቃውን «ቻርጅ ማድረግ ይቻላል?» አልኩት። «ምን ችግር አለው ጋሼ» አለና ስልኬን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። መኪናዋ መሆኗን ስነግረው መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ሥራ አስኪያጁን ጠራ። ተማክረው የለስላሳውን ፍሪጅ ነቅለው ሶኬቱን ሰጡኝ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ 28 ኪሎ ሜትር ተመዘገበልኝ፤ የሆቴሉ እንግዳ ሁሉ ለብ ያለ ለስላሳ ጠጣ።

ከዚያ የጊቤ ቁልቁለት መጣ። እዚህ ላይ እንኳን እኔ፣ አማቴም ተታለሉ። ሞተሩ ቁልቁል ሲያዝ ጀኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ይህን በወሬ እናውቀዋለን፣ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። 216 የነበሩት 218፣ 220 እያሉ ወንዙ ድልድይ ላይ 224 ደረሱ። አማቴ በትከሻዬ በኩል አጮልቀው፣ «ልጄ፣ እየነዳህ ነው ወይስ እየቀዳህ?» አሉኝ። የሚስቴ እናት ስለ መኪናዬ በጎ ነገር ሲናገሩ ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

ድልድዩ ያለው 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የወረዱትን የሚያህል በአበልቲ በኩል መውጣት አለ። ይህን ማንም የጅማ መንገደኛ ያውቃል፤ የአገር አቋራጭ ሾፌሮች በእንቅልፋቸው ያውቁታል። ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ 224 ብለው ደረትዎን ነፍተው ቆሙ። ኋላ ቁጭ ብዬ እንዳሰላሁት፣ ሰውና ዕቃ ይዛ 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 800 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ያቺ የኔዋ ባትሪ ጠቅላላ የምትይዘው 38 ነው። ቁልቁለቱ በእፍኝ የሰጠውን ዳገቱ በቁና ወሰደው። ኤሲ አጠፋሁ። የጊቤን ሙቀት ያውቁታል፤ አማቴ በነጠላቸው እያራገቡ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቻይናን፣ በመጨረሻ ልጃቸውን የዳረልኝን ሽማግሌ ሁሉ አነሱ። አበልቲ ስንወጣ 160 ነበሩ። እኔ ግን ስልሳ አራቱን ኪሎ ሜትር አልነዳኋቸውም! ማን ነዳቸው?

ሶኮሩን ካለፍን በኋላ ያደረጉትን ግን ልቤ ይቅር አላለም። 60፣ 52፣ 44 እያሉ ወርደው አርባ ላይ ሲደርሱ ጭራሽ ተሰወሩ። በቁጥርዎ ቦታ ሦስት ሰረዝ ተጋድሟል፤ «---»። ሰው በሰላሙ ቀን 400 ሲሉ ይውላሉ፤ የተፈለጉ ለታ ሰረዝ ይሆናሉ!

«ልጄ፣ ቁጥሩ የት ሄደ?» አሉ አማቴ።

«ሄዷል እትዬ።»

«እኛስ?»

አሰንዳቦ ስንደርስ ባትሪው 8 ፐርሰንት ነበር፤ ጅማ 55 ኪሎ ሜትር ይቀራል። መንገድ ዳር ካለ ቤት ደጃፍ ቆምኩና ነገሩን ለማስረዳት አፌን ስከፍት፣ የቤቱ እናት ቀድመውኝ «ኮቱ፣ ቡና ዱጊ» አሉ። መጀመሪያ ቡና፤ ችግር በኋላ ይነገራል። ኤክስቴንሽኔ በመስኮት ገባ። በአቦሉ 10፣ በቶናው 12፣ በበረካው 15 ደረሰ። አገር የሚያህል መኪና በጀበና ሲሞላ ያየሁት ያን ቀን ነው። አራተኛ ዙር ቢኖር ኖሮ እደርስ ነበር።

በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ መብራት ሄደ።

የት እንደቆምኩ ልብ ይበሉልኝ። ግልገል ጊቤ አንድ፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ጎረቤት ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ የጊቤን ልጅ መብራት ሲጠማው ግን ራሴ ሆኜ አየሁት። ግድቡን አልወቅስም፤ የሱ ኃይል አገር ይዞራል እንጂ በጎረቤት መስኮት አይቀዳም። አማቴ እዚያው ቤት አልጋ ተለቀቀላቸው። እኔ መኪናዋ ውስጥ፣ ከሦስቱ ሰረዞች ጋር ፊት ለፊት አደርኩ። በሌሊቱ 5 ሰዓት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ እርስዎም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመለሱ። ንጋት ላይ 200 ብለው ተቀበሉኝ። ትንሽ እንኳ ድምፅዎ አልተንቀጠቀጠም።

ጅማ ከገባን በኋላ ሰላም እናገኛለን ብዬ ነበር። ቻርጀሩ መጀመሪያ ግድግዳዬን ናቀ፤ ቀይ መብራት እያብለጨለጨ አልሞላም አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ቢያየው ቤቱ ኧርዚንግ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር፣ የለውም። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ብረት ዘንግ በጨውና በከሰል ቀበረና ተስማማን። አሁን በደረቅ ወራት ማታ ማታ ዘንጉን ውሃ አጠጣለሁ። ጎረቤታችን ሐጂ በአጥር ላይ አይተውኝ «መቼ ነው የሚያፈራው?» አሉኝ።

ደግሞ ምጣዱ አለ። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ቻርጀሩ 2,200፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲነሱ ብሬከሩ ይወድቃል። ባዶዋን ባትሪ ለመሙላት ከ17 ሰዓት በላይ ስለሚያስፈልግ፣ በቤታችን ርቀት የሚለካው በእንጀራ ሆኗል። «ሰርቦ ደርሼ ልመለስ» ስላት ባለቤቴ ትንሽ አስባ «ዐሥር እንጀራ ነው» ትለኛለች። በእውነቱ ከእርስዎ ይልቅ የሷ ግምት ይቀርባል።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሃይብሪድ አለው። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ነው፤ ፍሬን ሲይዝ ባትሪው ይሞላለታል፣ ባትሪው ሲደክም ቤንዚኑ ይነሳለታል። እቀናበት ነበር። ባለፈው ግን ነዳጅ ሰልፍ ላይ አገኘሁት፤ ወንበሩን አስተኝቶ ተኝቷል። መስኮቱን ሳንኳኳ ብድግ አለና «ስንት መኪና ቀረኝ?» አለኝ። የሱ ቀሪም እንደ እርስዎው ነው ለካ፤ በኪሎ ሜትር ፋንታ በመኪና ይቆጠራል እንጂ።

ሕዝቡንም አስለምደውብኛል። ጥላ በሌለበት ቆሜ ጫማ ሳስጠርግ፣ ሐዘን ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ ሰላምታ ሳይጨርስ «አንዴ ሞልተሃት ስንት ትሄዳለች?» ይላል። ምን ልበል? የእርስዎን 400 ብናገር ውሸታም ነኝ፤ እውነቱን 280 ብል «ተሸወድክ!» ይሉኛል። አሁን አሁን «እስከ አሰንዳቦ» ማለት ጀምሬያለሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። 400 መባሉ ለልብ ደስታ ከሆነ ይሁን፣ ቻይናም ያክብርዎት። ብቻ ጊቤ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ተራራውን አንድ ጊዜ ይመልከቱ። ደግሞ ሰረዝ ሊሆኑ ሲያስቡ ሶኮሩ ላይ ሹክ ይበሉኝ፤ ሶኮሩ ላይም ቡና አለ። ከዚህ በኋላ እስኪያሻሽሉ ድረስ ፐርሰንቱን አይቼ በሁለት ተኩል አባዝቼ፣ ዳገት ካለ ደግሞ ቀንሼ እነዳለሁ። እርስዎን የማየው እንደ ሠርግ ጥሪ ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት ሲል 8 እንደሚባለው።

ከሰላምታ ጋር
ሾፌርዎ
ጅማ፣ ጅሬን

ግልባጭ፦
ለአማቴ (ባይደርሳቸውም አይረሱትም)
ለምጣዱ፣ ማዕድ ቤት
ለአሰንዳቦዋ እናት፦ ኤክስቴንሽኔን መስኮትዎ ላይ እንደተንጠለጠለ ረስቼው መጥቻለሁ፤ እስካሁን የሐጂን ተውሼ ነው ያለሁት። ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ። ደርሶ መልሱ 110 ኪሎ ሜትር ነው፤ ክቡርነታቸው 212 አለኝ ብለዋል። ስለዚህ ጀበናውን ጥደው ይጠብቁኝ።