ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ መሬቱስ?

«የሕዝብ ብዛት ሸክም ሳይሆን ሀብት ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ግማሹ ያስማማኛል። እኔ ያደግኩት ጣና ዳር ነው። አያቴ በአራት ጥማድ መሬት ስምንት ልጅ አሳደጉ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉ ነበር። ለአባቴ የደረሰው ግማሽ ጥማድ ነው። እኛ ደግሞ አምስት ነን፤ ምኑን እንካፈል? ሁለቱ ወንድሞቼ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳሉ። ሌላው ወንድሜ ሐይቁ ሲሸሽ ጠብቆ፣ ደንገሉን መንጥሮ ሽምብራ ይዘራል። ዓሣው የሚራባው እኮ እዚያ ደንገል ውስጥ ነው! በ1999 ቆጠራ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ አልመጣም፤ በግምት ግን ከ120 ሚሊዮን አልፈናል። እናቴ አሁንም «ሁለት ልጅ ብቻ? ምን ነካህ?» ትለኛለች።