መዝገብ ያዥ የመዝገቡ ጌታ አይደለም

ወገኖቼ ሆይ፣ በአገር ቤትም በባሕር ማዶም የማኅበር ጸሐፊ፣ የእድር ገንዘብ ያዥ፣ የድረ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል ኃላፊ ሆናችሁ የብዙኃኑን ንብረት የያዛችሁ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። የማኅበሩን ድረ ገጽ በግል ስማችሁ አስመዝግባችሁ፣ ቅሬታ በተነሣ ዕለት የይለፍ ቃሉን ይዛችሁ የምትሰወሩ አላችሁ። አዲስ ኮሚቴ ተመርጦ ሳለ ማኅተሙን ለማስረከብ ወራት የምታጓትቱም አላችሁ። ተዉ! ከእናንተ እጅግ የሰፋ መዝገብ የያዘ ሰው አደራውን እንዴት እንደተሸከመ ስሙ።

ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ ተወለደ። በ1969 ኢንተርኔትን የወለደው አርፓኔት ሥራ ሲጀምር በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ኮምፒውተሮቹ እንዲግባቡ የትኛው ቁጥር ለየትኛው አገልግሎት እንደተሰጠ የሚመዘግብ ያስፈልግ ነበርና፣ በ1972 ባሰራጨው ማስታወሻ ቁጥር የሚያድል አንድ የበላይ እንዲሾም ሐሳብ አቅርቦ በቅንፍ ውስጥ «እኔ?» ሲል ጠየቀ። ሹመቱን ራሱ መጠየቁን አትዘንጉ፤ ኃላፊነትን መሻት ነውር አይደለም። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ መዝገቡን ያዘ፤ የመረቡን የቴክኒክ ሰነዶችም ሲያርም ኖረ። ዛሬም የምንገለገልባቸውን የኢንተርኔት መሠረታዊ ደንቦች በ1981 ያወጡት ሰነዶች በእርሱ አርታኢነት የታተሙ ናቸው፤ ኢሜይል የሚላክበትንም ደንብ በ1982 የጻፈው እርሱ ነው።

የአገሮች ባለ ሁለት ፊደል የኢንተርኔት መለያዎች የሚታደሉትም በእርሱ መዝገብ ነበር፤ የእኛው ዶት ኢቲ (.et) ሳይቀር። እንግዲህ በ1994 ባወጣው ሰነድ ምን እንዳለ ልብ በሉ። መለያው የተሰጠው አካል ባለአደራ እንደሆነና ማኅበረሰቡን የማገልገል ግዴታ እንዳለበት ከገለጸ በኋላ፣ ስለ «መብት» እና ስለ «ባለቤትነት» መጨነቅ አግባብ አለመሆኑን፣ ሊያስጨንቅ የሚገባው «ኃላፊነት» እና «አገልግሎት» መሆኑን አስፍሯል። አገር የሆነውንና ያልሆነውን መለየትም የእርሱ መሥሪያ ቤት ሥራ እንዳልሆነ ጽፎ፣ አስቀድሞ የወጣ ዓለም አቀፍ ዝርዝርን ተከተለ። ስንቱ መንግሥት ደጅ ሊጠናው በሚችልበት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ሲል፣ የእናንተ ኮሚቴ አባልነትን እንደ ርስት ለወዳጅ የሚያድለው በምን ሥልጣን ነው?

ሰውየው እንከን የለሽ ነበር አልላችሁም። ጥር 1998 ላይ፣ የኢንተርኔት ስሞች የት እንደሚገኙ ለመረቡ ሁሉ ከሚጠቁሙት 13 ዋና የስም ሰርቨሮች (ኮምፒውተሮች) የ8ቱን ኃላፊዎች፣ ዋናውን የስም ዝርዝር በአሜሪካ መንግሥት ኮንትራት የያዘውን ኩባንያ ትተው የእርሱን ኮምፒውተር እንዲከተሉ በኢሜይል ጠየቃቸው፤ እነርሱም እሺ አሉ። ዋይት ሐውስ ሲቆጣ ሙከራ ነበር ብሎ ወደ ነበረበት መለሰው። ብዙዎች እንደ ጀግንነት ያወሩታል፤ እኔ ግን መልካም ሰው እንኳ ብቻውን ሲይዘው የሚያሰጋ ሥልጣን መኖሩን ያሳየ ድርጊት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ደግሞም በዚያው ዓመት መዝገቡ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን ወደሚያስተባብረው፣ አይካን ወደተባለው ተቋም እንዲሻገር ሲደክም ነበር። አይካን በመስከረም ተመሠረተ፤ ፖስቴል ጥቅምት 16 ቀን በ55 ዓመቱ አረፈ። መዝገቡ አብሮት አልተቀበረም።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣ ከመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት የድረ ገጹን ስም ወደ ማኅበሩ አዙሩ፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሌሎች ሁለት የተመረጡ ሰዎች ይወቁት፤ የአባላት ዝርዝሩንና የባንክ ደብተሩን በቃለ ጉባኤ ተፈራርማችሁ አስረክቡ። «እኔ ባልኖር ይህ ማኅበር የት ይደርስ ነበር» የምትሉም ከሆነ፣ ያንን ከተረካቢዎቻችሁ አፍ ለመስማት ታገሡ።