ይድረስ ሌሊት ሌሊት ለሚነቁት ኮምፒውተሬ

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ ከእንቅልፍ መነሳትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለትጋትዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት ዘመዶችዎ በጠራራ ፀሐይ «ሲስተም የለም» እየተባለላቸው ያንቀላፋሉ፤ እርስዎ ግን ማንም ሳይጠራዎት ሌሊት 8 ሰዓት ሥራ ይገባሉ።

ያለፈው ሐሙስ ሌሊት የዋሉልኝን ውለታ ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። አክስቴ ለሕክምና ቀጠሮ ከደብረ ብርሃን መጥተው፣ ሳሎን እርስዎ አጠገብ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተኝተዋል። ካርድ ክፍል ወረፋ ለመያዝ 10 ሰዓት መነሳት አለባቸው፤ መቼም ይህን ለማን አስረዳለሁ። ማታ ስሊፕ አድርጌዎት ነበር የተኛሁት። 8 ሰዓት ሲሆን ስክሪንዎ ቦግ አለ፣ ፋንዎ ማጓራት ጀመረ፣ እንቅልፍ አሸንፎኝ ገና ሳይጀምር የተውኩት ቪዲዮም ተነሣ፦ «እንደምን አመሻችሁ ውድ ተመልካቾቻችን!»

አክስቴ ጨዋ ሰው ናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አመሻችሁ» ብለው በጨለማው መለሱ።

«ደወሏን መጫን እንዳትረሱ!» አለ ሰውየው።

ቤታችን ደወል የለውም። አክስቴ ይህን ያውቃሉ። «በስመ አብ!» ሲሉ ነው የነቃሁት።

ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ፣ ድምፅዎን ዘጋሁ፣ መብራት ሳላበራ ፊትዎ ተቀመጥኩ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ «ፓወርሲኤፍጂ ላስትዌክ» ብዬ ጻፍኩ፤ መጨረሻ የቀሰቀሰዎትን አካል ስም የሚያስለፈልፍ ትእዛዝ ነው። ባዶ። የሆኑትን ሁሉ የሚመዘግቡበት ኢቨንት ቪወር ገባሁ፦ «ዌክ ሶርስ፦ አንኖውን»፤ ቀስቃሹ አይታወቅም ማለት ነው። ይሄኔ ሳላስበው ጮክ ብዬ «ማነው የቀሰቀሰህ? ተናገር!» አልኩ። ከኋላዬ ደግሞ አክስቴ በሃይላንድ ያመጡትን ጸበል ይዘው «ማነህ? የት አግኝተህ ያዝከው? ተናገር!» ይላሉ። ጸበሉ የተረጨው እርስዎ ላይ አይደለም። እኔ ላይ ነው። አንገቴ ሥር ገብቶ በጋቢው ወረደ። ጸበል ቦታ እኮ ጋኔን እንኳ ሲጠየቅ ስሙን፣ የመጣበትን፣ የያዘበትን ወንዝ ሳይቀር ይናዘዛል፤ እርስዎ «አንኖውን»።

በማግሥቱ ወሬው ግቢውን አዳረሰ። አከራዬ «እንጦጦ ማርያም ሄደህ ሰባት ቀን ብትጠመቅ» ብላ መከረችኝ፤ በዚያው ትንፋሽ ከሚቀጥለው ወር ኪራይ እንደሚጨምር ነገረችኝ።

እርስዎ አልናገር ስላሉ ተጠርጣሪዎቹን ራሴ አስጠራሁ። እርስዎን ለመቀስቀስ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ («ዲቫይስኩዌሪ ዌክ አርምድ» ይባላል) ሦስት ስም ወጣ፦ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ከኢንተርኔት የሚያገናኝዎት ኔትወርክ ካርድ። ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር የሚባንነውን ማውስ ከሥልጣን አወረድኩት። ኔትወርክ ካርዱ ነው ጉደኛው። «ማጂክ ፓኬት» የሚባል፣ ለእሱ ተብሎ የተላከ መልእክት ሲደርሰው ብቻ ቢነሳ ማን ይከለክለዋል? እሱ ግን ሌላም ነገር ይበቃዋል፤ ራውተሩ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት ይነሳል። ዲቫይስ ማኔጀር ገባሁ፣ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ሥር ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅድለትን ምልክት አነሳሁ፣ ተኛሁ።

8 ሰዓት ተነሱ።

ለካ ቀጠሮ ነበረዎት። በዚህኛው ጊዜ ኢቨንት ቪወር «ታይመር» ብሎ አመነ። ዊንዶውስ 10 ራሱን በራሱ የሚጠግንበት ሰዓት፣ ማንም ካልነካው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት 2፡00 ነው፤ በእኛ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ለዚሁ ሥራ ኮምፒውተሩን ከእንቅልፍ ማስነሳት ይቻላል የሚል ሳጥን ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ተደብቋል፤ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ደግሞ «አላው ዌክ ታይመርስ» የሚል ሌላ አለ። ሁለቱንም ዘጋሁ። ቀጥሎ አፕዴት መጣ፤ የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሲቀይር ያነሳሁትን ምልክት መልሶ አኖረው።

ስማ። አንተን የገዛሁህ እኔ ነኝ። ቆጣሪው የሚሞላው በእኔ ካርድ ነው፣ ሌሊት የምታወርደው በእኔ ዳታ ነው። በገዛ ቤቴ «አይሆንም» ያልኩትን ከኋላዬ መጥቶ «ይሁን» የሚል ማነው? ማን ፈቀደለት? የታመሙ አሮጊት ሴት ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ቀርቷቸው ነበር፤ እሱንም ነጠቅሃቸው። ካርድ ክፍል አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ አሸለባቸው። እኔ ፎቶ ኮፒ ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ ስማቸው ተጠርቶ፣ አልሰሙም፣ ተራቸው አልፏል። «እንደገና ከኋላ ይሰለፉ» ተባሉ። እጄን ይዘው «ምንም አይደል ልጄ፣ አንተ ብቻ ዳን» አሉኝ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ብድግ የሚሉትን ነገር፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ባዮስ ውስጥ ገብቼ «ኤሲ ፓወር ሎስ» የሚለውን «ፓወር ኦፍ» ላይ ስላደረግኩት፣ ይቅር ብዬዎታለሁ።

ጥገና ቤትም ወስጄዎት ነበር። ልጁ ከማብራቱ በፊት «ፎርማት ይደረግ» አለ።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ስሊፕ የሚባል ነገር እንደማይኖር፣ ሸት ዳውን ተደርገው ሶኬትዎም ከግድግዳው እንደሚነቀል አስታውቃለሁ። ቅሬታ ካለዎት በሥራ ሰዓት ያቅርቡ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኔትወርክ ካርዱ
ለአከራዬ (ጤነኛ መሆኔን ለማስረዳት፤ ስለ ኪራዩ በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ)