ጌም ነው ወይስ ሱቅ?

የዘንድሮ ጌም ነገር ያንገበግበኛል። ሙሉ ዋጋ ከፍለህ ትገዛለህ። ከ100 ጊጋባይት በላይ ታወርዳለህ፤ ፓኬጅህ ያልቃል። ስትከፍተው ሱቅ ነው! ለምትጫወትበት ገጸ ባሕርይ ልብስ ግዛ፣ መሣሪያ ግዛ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ ከፍለህ ሳጥን ክፈት። ያልከፈለ ይሸነፋል። ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለው ጌም 40 ኪሎባይት ገደማ ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ምንም የማብራሪያ ጽሑፍ የለም። ጠላት ከፊት ለፊት ይመጣል፤ ካልዘለልክ ትሞታለህ። በቃ፣ ገባህ። ስትሸነፍ ጥፋቱ የራስህ መሆኑን ታውቃለህ፤ እልህ ይዞህ ትደግመዋለህ። ለኔ ጥሩ ጌም ማለት ይሄ ነው። የዛሬዎቹ ግን እልህህን አይተው «ከፍለህ እለፍ» ይሉሃል። የሚጫወተው ሕፃን ልጅ ቢሆንም እንኳ!