አቃቂን ከቆቃ ሆነን እንየው

በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር እንደሚለማ ተነግሮን ነበር። ከዚያ ወዲህ የለሙት ዳርቻዎች ያምራሉ፤ ከተሜው መናፈሻ ማግኘቱም ደግ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ውሃው ነው።

የአዲስ አበባ ወንዞች ትንሹና ትልቁ አቃቂ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭና የጋራዥ ዘይት ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። በየመንገዱ ቆስጣና ሰላጣ በዚሁ ውሃ ይለማል፤ ተመልሶም አዲስ አበባ ገበያ ይወጣል። የቀረው አዋሽ ይገባል። የሞጆ ወንዝ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ፣ ቆዳ ከሚለፋበት ክሮሚየም ከተባለው ብረት ጋር፣ ይዞ ይመጣል። ሁሉም አዋሽ ላይ በተሠራው ቆቃ ግድብ ይጠራቀማል።

ቆቃ ሞቃት ነው። በሐሩር ክልል ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አትጠፋም፤ የታገደ ውሃም ረግቶ ይቆያል። ከሽንት ቤት፣ ከሳሙናና ከማዳበሪያ የመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እዚያ ሲደርስ ለእምቦጭ ቀለብ ይሆናል። እምቦጭን ከጣና ጋር ብቻ የምናነሳው ብዙ ነን፤ በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው። ከእምቦጭም የሚከፋው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ማይክሮሲስቲስ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ (ሳይኖባክቴሪያ) ነው። ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በማፍላት አይጠፋም። የሐይቁን ውሃ ቀድታ፣ እንደተመከረችው አፍልታ ለልጇ የምትሰጥ እናት የቻለችውን ሁሉ አድርጋለች፤ መርዙ ግን ማሰሮው ውስጥ ነው። ክሮሚየምም ቢሆን እሳት አይበግረውም።

ዓባይ የያዘውን ይዞ ድንበር ይሻገራል። አዋሽ ግን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ ጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የጣልንበት ሁሉ እዚሁ፣ በሚያርሱበትና ከብት በሚያጠጡበት ሰዎች ደጅ ይቀራል።

ሕግ አላጣንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በግል ይነካኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ነገር ግን የቆቃ ዓሣ አስጋሪ በየትኛው ቱቦ ምን እንደተለቀቀ በምን ያውቃል? ከየፋብሪካው መውጫ፣ ከአባ ሳሙኤልና ከቆቃ የሚወሰደው የናሙና ውጤት በየወሩ በአማርኛና በኦሮምኛ በአደባባይ ይለጠፍ። ቁጥጥሩ ከጠበቀ ሠራተኛው እንጀራውን ያጣል የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም፤ አስጋሪውና አትክልት አልሚውም ግን ሠራተኞች ናቸው፣ የእነሱን እንጀራ ማን ቆጠረው?

ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘን ቤት ፍሳሽ ግን ሊያጣራ አይችልም። ለዳርቻው የሚቀጥለው በጀት ሲያዝ፣ ከአበባውና ከመብራቱ በፊት፣ ያ የቱቦ መስመር ይዘርጋ።