ሽሮው ሲንተከተክ፣ ሙታን ሲነሡ

ዓርብ ማታ ነው። ሽሮው ምድጃ ላይ ተጥዷል፤ እኛ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰልፈናል። ልጄ «ካልጨለመ አያስፈራም» ብላ መብራቱን አጥፍታዋለች። ለሕክምና ከደብረ ብርሃን የመጡት አክስቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰውዬ ባትሪ ይዞ በጨለማ ቤት ውስጥ እግሩን እየመረጠ ይራመዳል። ሙዚቃው ቆመ። ትንፋሽ የሚባል ጠፋ። ከዚያ፦ ቱክ... ቱክ... ቱክ...

ልጄ ጮኸች። ባለቤቴ የያዘችውን ትራስ ወረወረች። ሽሮው ነው የተንተከተከው።

«ይኼ ልጅ እህል ከቀመሰ ስንት ቀኑ ነው?» አሉ አክስቴ፣ ዓይናቸውን ከባለ ባትሪው ሳይነቅሉ።

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ዓለም ጠፍታለች፣ እንደ ሙት የሆኑ ሰዎች ተነሥተው ሰው እየበሉ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ?» «ነው።» «እና በጾም ሥጋ?» አማተቡ። የሙታን መነሣት አላስደነገጣቸውም፤ ትንሣኤን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። የከነከናቸው ጾም መግደፋቸው ነው። እኔ በበኩሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ልኳንዳ ቤት ቆሜ ጥሬ የምቆርጥ ሰው ነኝና ዞምቢን ለመውቀስ ሞራሉ የለኝም። ያለ አዋዜ መሆኑ ብቻ ያሳዝነኛል።

ድራማው በፈረንጆቹ 2023 መታየት የጀመረው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ነው። ሰውን አውሬ የሚያደርገው ኮርዲሴፕስ የሚሉት ፈንገስ ነው፤ በእውኑ ዓለም ዘመዶቹ ጉንዳን ውስጥ ገብተው እንዳሻቸው ይነዷታል። በሽታው የተዛመተው በዱቄት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ድራማው ይጠቁማል፤ ሁለተኛው ክፍል የሚከፈተው ጃካርታ ውስጥ፣ የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች ታመው ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ልብ ብሎ ያየ ደግሞ አንድ ነገር ይገባዋል። ዋናው ሰውዬ ጠዋት የፓንኬክ ዱቄት ቤቱ የለም፤ ጎረቤት ብስኩት ሲጋብዘው እምቢ ይላል፤ ማታ የልደቱን ኬክ መግዛት ይረሳል። ጀግንነት አይደለም ያተረፈው፣ የጓዳው ባዶነት ነው።

ይኼን ስተረጉምላቸው አክስቴ ከልባቸው ሳቁ። «ሻጋታ ፈርተው ነው አገር ለቀው የሚሮጡት?»

አይፈረድባቸውም። የእኛ ቡሃቃ ውስጥ ያለው እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው። የፈንገስ ወገን የሆኑትና ባክቴሪያዎቹ ተረዳድተው ሊጡን ሁለት ሦስት ቀን ያስቦኩታል፤ ከላይ ያቀረረው ቢጫ ውሃ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ ያለቀባት ጎረቤት በጣሳ ትበደረዋለች። ፈንገስ ከቤት ቤት ሲዞር ፈረንጅ ወረርሽኝ ይለዋል፣ እኛ ጉርብትና።

መሐል ላይ ደም ተረጨ። አክስቴ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ልጄ ልታጽናናቸው ብላ፣ የዘመናችን ዞምቢ አባት የሚባለው ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 የሠራው ፊልም ጥቁርና ነጭ ስለነበረ በደም ፋንታ የቸኮሌት ሽሮፕ እንደተጠቀሙ ነገረቻቸው። ጋቢው ዝቅ አለ። «ቸኮሌት ከሆነማ ምን ነክቷቸው ይደፉታል?»

ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። አንድ ብቸኛ ሰውዬ መንደሩን አጥሮ፣ ወጥመድ ቆፍሮ፣ ጠመንጃ ደግኖ ለብቻው ይኖራል። አንድ ቀን የተራበ እንግዳ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ ያገኛል። አወጣው። ገላውን አስታጥቦ፣ ጠረጴዛ አሰናድቶ፣ ጥንቸል ሠርቶ ከወይን ጠጅ ጋር አቀረበለት። እንግዳው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያደርግ ፊቱ ላይ የሚታየውን ለመግለጽ «አንጀት አርስ» ከሚለው የተሻለ ቃል የለኝም። ከሁለት ሰዓት ሩጫና ጩኸት ይልቅ ያቺ ሳህን ነች ሆዴን ያባባችው። አክስቴም ቀና አሉ። «አሁን ገና ሰው አየሁ። ምንድን ነው የሠራለት?»

ጥንቸል ብዬ ልንገራቸው? «ድንች ነው» አልኳቸው።

በሌሎቹ ክፍሎች የተረፉት ሰዎች ለአንድ ቆርቆሮ ምግብ ሲገዳደሉ ሳይ ደግሞ በረንዳው ላይ ያለው የአክስቴ ማዳበሪያ ትዝ ይለኛል። ለሁለት ሳምንት ሕክምና ብለው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ይዘው ነው የመጡት። ያ ባለ ባትሪ ሰውዬ ማዳበሪያዋን ቢያገኛት ሦስት ምዕራፍ ይገፋባት ነበር። ደግሞም ይኼ ለዓለም ፍጻሜ የሚሆን ስንቅ መሆኑን ያወቀ ሕዝብ አለን፤ ዓረብ አገርና አሜሪካ የሚሄደው ሁሉ ሻንጣውን በምን እንደሚሞላ አየር መንገድ ሚዛኑ ጋ ቆሞ ማየት ነው።

ስለ ሐረር ጅቦችም አነሣሁላቸው። ድሮ ክፉ ረሃብ ገብቶ ጅብ ሰው ላይ መነሣት ሲጀምር፣ የከተማዋ ደጋግ ሰዎች መክረው ገንፎ አገንፍተው አበሉት ይባላል። ዛሬም በዓሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅብ ይቀርባል፤ ስንቱን በልቶ ስንቱን እንዳስተረፈ ታይቶ የመጪው ዓመት ዕድል ይነበባል። ሆሊውድ ቢሆን ግንብ ይሠራል፣ ጥይት ይቆጥራል። ሐረር ገንፎ አገነፋች። አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉም፤ የጅብ ነገር ለእሳቸው አዲስ አይደለም።

ሰውየው የመጨረሻውን በር ሊከፍት እጁን ዘረጋ። እጀታውን ያዘ። በዚያች ቅጽበት የእኛ በር ተንኳኳ፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። አራታችንም ደርቀን ቀረን። ልጄ ክንዴ ላይ ጥፍሯን ተከለች። ቤቱ ውስጥ አንድ ሽታ አለ፣ ከቆየ፣ ግን ማንም ልብ አላለውም።

እየተንቀጠቀጥኩ ከፈትኩ። የጎን ጎረቤታችን ናት፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ።

«ኧረ ሽሮው አረረባችሁ! ሽታው እኛ ሳሎን ገባ እኮ!»

ባለቤቴ ወደ ኩሽና ሮጠች። አክስቴ ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቁ። «ግቢ የኔ ልጅ፣ ከላይ ከላዩ ይበላል። ግቢ፣ እንብላ።»

ጎረቤታችን ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ አፋቸው የቀላ፣ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች በሩን ሰብረው እየተግተለተሉ ነው። ደነገጠች። «እትዬ፣ እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?»

አክስቴ እንጀራውን እየዘረጉ ወደ ቴሌቪዥኑ በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ርቧቸው ነው እናቴ።»